አስቸጋሪ ታማሚ ላላችሁ፦ ጅማ ያለች አንዲት የፊዚዮቴራፒ ክሊኒክ

ቀጥታ ልንገራችሁ። ክፍሏ ጠባብ ናት፣ ሪሴፕሽኗ ያናድዳል፣ ደረጃዋ ደግሞ ለስትሮክ ታማሚ ቀልድ ነው። ግን ስትሮክ የመታው፣ ቀን ከሌት የሚሳደብ፣ ማንንም የማያስጠጋ ሰው ቤታችሁ ካለ እዚህች ውሰዱት። አጂፕ አካባቢ ናት። ቅሬታም ስላለኝ ስሟን ልተወው።

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ቡና ነጋዴ ነበር። አዝዞ የኖረ ሰው ነው። የደም ግፊት መድኃኒቱን፣ ብዙ ሰው እንደሚያደርገው፣ «ተሽሎኛል» ብሎ አቋረጠ። ከዚያ ስትሮኩ መጣና ቀኝ ጎኑን ያዘው። ከሆስፒታል እንደወጣ መጀመሪያ የወሰድነው ሌላ ቦታ ነበር። እዚያ የነበረችው ባለሙያ ሥራዋን አታውቅም አልልም። ግን አባቴ እጇን ገፍትሮ «ልቀቂኝ!» ሲላት ወደ እኔ ዞረችና፣ እሱ እየሰማ፣ «ሰውዬው አይተባበርም» አለችኝ። ካርዱም ላይ ጻፈችው። ከዚያ ወዲያ እዚያ በር አልደርስም አለ። አልፈረድኩበትም። እሷም ላይ ብዙ አልፈርድም፤ ጅማ ላይ የሚታከመው የከተማው ሰው ብቻ አይደለም፣ ከቦንጋም ከሚዛንም ከበደሌም ይመጣል፣ ባለሙያውም ሰው ነው፣ ይደክመዋል።

ወደ ክሊኒኳ ልመለስ። ፊዚዮቴራፒስቱ ወጣት ነው። አባቴ ገና ሲያየው «ይሄ ጩጬ ነው እኔን የሚያክመኝ?» አለ። ልጁ አልተቆጣም፣ ግን «አይዞዎት» እያለም አላባበለውም። መጀመሪያ ያደረገው ነገር መጋረጃውን መሳብ ነው። ለካ አባቴን የሚያነደው ሕመሙ ብቻ ሳይሆን፣ ያ ሁሉ ሰው በተደረደረበት ክፍል እንደ ሕፃን ታቅፎ ሲነሳ መታየቱ ነበር። ከዚያ በርጩማ ስቦ ከእሱ ዝቅ ብሎ ተቀመጠና «አባባ፣ ከሁሉ በላይ የሚያበሳጭዎት የቱ ነው?» አለው። አባቴ ዝም። ልጁም ዝም። ቆይቶ ቆይቶ «ሸሚዜን ራሴ መቆለፍ አቃተኝ» አለ።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ልጁ ሰፌድ ላይ ጥሬ ቡና አፍስሶ ጠበቀው። «አባባ፣ ይሄን ቡና ገዝቼ ነበር፣ ተበልቼ ይሆን?» አባቴ በግራ እጁ ሊያነሳ ሲል «በቀኝ» አለው። ጥቁሩን፣ የተሰበረውን፣ ነቀዝ የበላውን ፍሬ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ቆንጥሮ ማውጣት ነው ሥራው። እጁ እየተንቀጠቀጠ፣ ፍሬው እያመለጠው፣ ልጁን በኦሮምኛም በአማርኛም እየሰደበ ለቀመ። በመጨረሻ «ተበልተሃል» አለው፣ «ይሄን የሸጠልህ ሌባ ነው!» ከስትሮክ በኋላ እጅ የሚላቀቀው ያንኑ እንቅስቃሴ ደጋግሞ ደጋግሞ በመሥራት ነው። የፕላስቲክ ኳስ ጨብጥ ቢሉት ግን ፊታቸው ላይ ይወረውረው ነበር። አሁን ሸሚዙን ይቆልፋል፣ የአንገቱ ቁልፍ ሲቀር።

ልጁ ልስልስ ነው ማለቴ ግን አይደለም። አንድ ቀን አባቴ ከዘራውን አነሳበት። ራቅ ብሎ ቆመና፣ ድምፁን ሳይጨምር፣ «ይስደቡኝ፣ ችግር የለም። መምታት ግን የለም። ለዛሬ ይብቃን፣ ሐሙስ እጠብቅዎታለሁ» አለው። ካርዱን አየሁት፤ «ትከሻውን ያመዋል፣ ደክሟል» ነው የሚለው። ታማሚን የደከመ እጁን ጎትቶ ማንሳት ትከሻን ከቦታው ሊያወጣ እንደሚችል፣ ማንሳት ካስፈለገ ወገቡ ላይ ቀበቶ አስሮ ቀበቶውን መያዝ እንደሚሻል ያሳየን የዚያን ዕለት ነው። ሐሙስ አባቴ ከሁላችንም ቀድሞ ለብሶ ተገኘ።

ሌላም ነገር ነበር። አባቴ ድንገት ያለቅስ ነበር፣ የሳሙና ማስታወቂያ እያየ እንኳ። ልጁ ስትሮክ ለቅሶና ሳቅን የሚቆጣጠረውን የአንጎል ክፍል ሊነካ እንደሚችል አስረዳን፤ ለእኛ በጓሮ ሳይሆን ለራሱ ለአባቴ፣ ዓይኑን እያየ። «ድብርትም ሊሆን ይችላል፣ እሱም ይታከማል፣ ካልቀነሰ ሐኪም ይይዎት» አለው። አባቴ ወንድነቴ አለቀ ብሎ ሲያፍር ነው የከረመው። አሁን ሲያለቅስ «እንባዬ ነው፣ እኔ አይደለሁም» ብሎ ይስቃል።

ቅሬታዬን ልናገር። ሪሴፕሽን ያለችው ልጅ ቀጠሮ ይዛችሁም ብትሄዱ ከስልኳ ቀና ሳትል «ተራ ጠብቁ» ነው የምትለው። የልጁ ትዕግሥት እሷ ጋ አልደረሰም። ክሊኒኳ ፎቅ ላይ ናት፣ ሊፍት የለም። አባቴን ከባጃጅ ሹፌር ጋር ተጋግዘን ነው የምናወጣው፣ ዝናብ ሲሆን ደግሞ፣ የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ፣ ደረጃው ያንሸራትታል። መራመድ የሚያቅተውን ሰው የሚያክም ቤት ምን ሊሠራ ፎቅ ተከራየ? ባለቤቱ ይህን ካነበበ ምድር ቤት ይፈልግ።

ክፍያው በየቀጠሮው ነው፣ ደረሰኝ ይሰጣሉ። ስትደውሉ ጠዋት የሚገባው ልጅ ጋ ቀጠሮ ይያዝልን በሉ። ከሰዓት የሚገቡትን አላውቃቸውም።