የአባባን ሸክላዎች ለቀሰቀሱልን ጋሼ

እማዬ ሳጥኑን የከፈተችው የቤት ካርታ ፍለጋ ነበር። ካርታው አልተገኘም። የተገኘው የአባባ የዘፈን ሸክላ ነው። በጋዜጣ ተጠቅልሎ፣ በሲባጎ ታስሮ፣ የጭስና የሻጋታ ሽታ ይዞ። ቆጠርነው፤ 41። 34ቱ ትንንሾቹ፣ በደቂቃ ባለ 45 ዙር። 5ቱ ትልልቆቹ፣ ባለ 33። ሁለቱ ደግሞ ወፍራምና ከባድ፣ የጥንቶቹ ባለ 78 ዙር።

ይህን የምጽፈው ሸክላዎቹን ወደ ኮምፒውተር የቀዱልንን አንድ ሰው ለማመስገን ነው። እዚሁ ደብረ ማርቆስ ሬዲዮና ቴፕ የሚጠግኑ ጋሼ አሉ። ስማቸውን እንዳልጽፍ አስምለውኛል። “ስሜ ከወጣ የከተማው የተበላሸ ቴሌቪዥን ሁሉ ደጄ ላይ ያድራል” ነው ያሉኝ። ስለዚህ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ። የምትፈልጓቸው በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ።

አባባ መምህር ነበር። ክረምት ክረምት አዲስ አበባ ለኮርስ ይሄዳል። ሲመለስ ለታላቆቼ ከረሜላ፣ ለራሱ ሸክላ ይዞ ይመጣል። እኔ አልደረስኩበትም። እማዬ ስትናገር ግን ያንን 300 ኪሎ ሜትር፣ የዓባይን በረሃ ጭምር፣ ሸክላውን ጭኑ ላይ አድርጎ ነው የሚጨርሰው። ዕቃ መጫኛው ላይ አድርገው ቢሉት አይሰማም።

ከትንንሾቹ ብዙዎቹ የአምሃ ሪከርድስ ናቸው። አምሃ እሸቴ ማሳተም የጀመረው በፈረንጅ 1969 ነው። ያኔ ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር። እሱ ግን ደፍሮ ገባበት። እስከ 1975 ድረስ ከ100 በላይ ትንንሽ ሸክላዎች አወጣ። ከዚያ ካሴቱ መጣና ሸክላ በየቤቱ ሳጥን ገባ። የእኛም ከዚያ ወዲህ አልወጣም።

ጋሼ ጋ ከመድረሳችን በፊት ሸክላዎቹን ለመስማት ሁለት ጊዜ ሞክረናል። ሁለቱንም ጊዜ ጉድ ሆንን።

መጀመሪያ 3 ሸክላ አዲስ አበባ ሸክላ ወደሚቀዳ አንድ ቤት ላክን። ስሙን ተዉት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ዘፈኖቹ በቴሌግራም መጡ። ድምፁ ከበርሜል ውስጥ የሚወጣ ይመስላል። ዘፋኙ ከፍ ሲል ደግሞ እንደ ጨርቅ ይቀደዳል። ሸክላው አርጅቶ ነው አሉን። አመንን። ምን እናውቃለን?

ሁለተኛው ጥፋት የራሴ ነው። ወንድሜ ከአሜሪካ አንድ ድሮ የተሠራ ማጫወቻ ላከልን። የ110 ቮልት ዕቃ ስለሆነ ትራንስፎርመር ገዛሁ። ሰካሁት፤ ዞረ። ደስታዬን አትጠይቁኝ። ዘፈኑ ሲጀምር ግን እማዬ ጆሮዋን ሰጥታ አዳመጠችና “ይሄ ሰውዬ ታሞ ነው እንዴ የዘፈነው?” አለች። እውነትም ድምፁ ወፍሯል፣ ተጎትቷል።

ጋሼን ያገኘኋቸው በዚህ ማጫወቻ ምክንያት ነው። ተበላሽቷል ብዬ ሱቃቸው ወሰድኩት። አልፈቱትም። ከሲጋራ ፓኮ ላይ ቁራጭ ወረቀት ቀደው ሸክላው ጠርዝ ላይ አኖሩ። ሰዓታቸውን አይተው ዙሩን መቁጠር ጀመሩ። በአንድ ደቂቃ 37 ተኩል። “45 መሆን ነበረበት” አሉኝ። “ልጄ፣ ዕቃው ደህና ነው። አገሩ ነው የተለየበት።”

ነገሩ እንዲህ ነው። የአሜሪካ መብራት በሰከንድ 60 ጊዜ ይመላለሳል፣ የእኛ 50። የድሮ ማጫወቻ ሞተር ፍጥነቱን የሚያገኘው ከዚህ ምልልስ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ይቀንሳል እንጂ ምልልሱን አይነካም። ስለዚህ ሁሉም ነገር አንድ ስድስተኛ ይዘገያል። አዳዲሶቹ ማጫወቻዎች አብዛኞቹ በሌላ ዓይነት ሞተር ስለሚሠሩ ይህ ችግር የለባቸውም። ለምርመራው ሳንቲም አልተቀበሉኝም። መሸጥ የምትችዪው ዕቃ ስለሆነ እንዳትፈቺው ብለው ብቻ ሸኙኝ።

ለሌላ ሰው ቢሆን ይህ ብቻውን ለምስጋና ይበቃል። ዋናው ሥራ ግን ገና ነበር።

ሸክላውን ላምጣልዎት ስላቸው እምቢ አሉ። “የሚሰበረው መንገድ ላይ ነው፣ እኔ እመጣለሁ” አሉ። በማግስቱ አምፕሊፋየራቸውን፣ የራሳቸውን ማጫወቻና አሮጌ ላፕቶፕ በባጃጅ ጭነው ከች።

መጀመሪያ ማጠብ። እኔ ኢንተርኔት ላይ አንብቤ አልኮል ገዝቼ ጠብቄያቸዋለሁ። ወፍራሙን ባለ 78 ሸክላ አንስቼ ልጠርግ ስል እጄን ያዙኝ። የጥንቶቹ የተሠሩት ሸላክ ከሚባል ሙጫ ነው፤ ሸላክ ደግሞ በአልኮል ይሟሟል። አንድ ጊዜ ብቻ ብጠርገው ኖሮ የአባባ ሸክላ እጄ ላይ ይላጥ ነበር። ለሁሉም የተጠቀሙት ዲስትልድ ውሃ ነው፣ ጠብታ የዕቃ ሳሙና ጨምረው። ጨርቁ የመነጽር መጥረጊያ። እማዬ አሮጌ ነጠላ ቀዳ ስታመጣ “እማማ፣ እግዜር ይስጥልን፣ ግን ክሩ መርፌው በሚሄድበት ቦይ ውስጥ ይቀራል” ብለው በትህትና መለሱላት። የሚጠረገው በቦዩ አቅጣጫ ዙሪያውን ነው፣ አቋርጦ አይደለም። መሃል ያለው ወረቀት ውሃ አይነካውም።

ከዚያ የአዲስ አበባውን ቅጂ አሰማኋቸው። ግማሽ ደቂቃ አልሰሙትም። “ማይክ ቀዳዳ ላይ ሰክተውት ነው” አሉ። የላፕቶፕ ማይክ ቀዳዳ ለኢምንት ድምፅ የተሠራ ስለሆነ የገባለትን ሁሉ ያጎላል። ጎላ ያለ ድምፅ ሲገባበት ይቀደዳል። በዚያ ላይ ግራና ቀኙን አንድ ላይ ይደፈጥጠዋል። ሸክላው ምንም አልሆነም ነበር! ይሄን ስሰማ የተናደድኩት ንዴት እስካሁን አልበረደም።

የእሳቸው መንገድ ሌላ ነው። ማጫወቻው አምፕሊፋየሩ ጀርባ ላይ ፎኖ የሚለው ቀዳዳ ውስጥ ይገባል። ይህን ዝለሉት የሚላችሁን አትስሙ። ሸክላ ሲቀረጽ ወፍራሙ ድምፅ ሆን ተብሎ ይቀነሳል፣ ቀጭኑ ይጨመራል። አለዚያ ቦዩ እየሰፋ ቦታ ይጨርሳል። ፎኖው ሲጫወት መልሶ ያስተካክለዋል። ያለ እሱ ከበሮው ይጠፋና ሁሉም ነገር እንደ ትንኝ ይሆናል። ከአምፕሊፋየሩ ደግሞ ቴፕ አውት ከሚለው ወጥቶ ወደ ትንሽ የዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ፣ ከካርዱ ወደ ላፕቶፑ። የሚቀዱት ኦዳሲቲ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ነው። ቆጣሪው ቀዩን እንዳይነካ ከፍተኛውን ድምፅ ከዜሮ 6 ዴሲቤል ዝቅ አድርገው ያስቀምጡታል።

መጀመሪያ ላይ እምምም የሚል ድምፅ ነበረው። የማጫወቻውን የመሬት ሽቦ አምፕሊፋየሩ ላይ አሰሩ፤ ቀነሰ። የላፕቶፑን ቻርጀር ነቀሉ፤ ጠፋ።

መብራት ሁለት ጊዜ ሄደብን። ላፕቶፑ በባትሪ ስለነበር መቅዳቱን ቀጠለ። ማጫወቻው ግን እየደከመ፣ ዘፋኙም ድምፁ እየወፈረ እየወፈረ ሲሰጥም ተቀዳ። ጋሼ ሳቁና ከመጀመሪያው ጀመሩት። አንድ ጊዜ ደግሞ እማዬ ጓዳ ቡና ስትወቅጥ የሙቀጫው ምት ወለሉን አልፎ መርፌው ጋ ደረሰ። ክራሩ ሥር ዱም ዱም ይላል። እሱንም ደገሙት። ፊታቸው እንኳ አልተለወጠም።

አሁን የልቤን ልናገር። ከሁሉ የወደድኩት ያልሠሩትን ነው።

እንደ ቆሎ የሚንጣጣውን ድምፅ ሁሉ ያጥፉልኝ ብያቸው ነበር። ፕሮግራሙ ላይ ለዚህ የሚሆን ነገር አለ። በአንዱ ዘፈን ላይ ሞክረው አሰሙኝ። ድምፁ ጸድቷል። ግን ጸናጽሉ የለም፣ የዘፋኙ ትንፋሽ የለም። ሰውዬው ውሃ ውስጥ ሆኖ የሚዘፍን ይመስላል። “ሙልጭ ካደረግሁት እሱም አብሮ ይሄዳል” አሉኝ። ጎልተው የሚፈነዱትን ብቻ አንድ በአንድ ለቅመው አወጡ። የቀረውን ተዉት።

ሁለቱን ባለ 78 ዙር ደግሞ ጭራሽ አልቀዱም። ለእነሱ ሰፋ ያለ መርፌ ያስፈልጋል፤ የቦያቸው ስፋት ሌላ ነው። ቀጭኑ መርፌ ሥሩን እየጫረ ጩኸት ብቻ ያወጣል። “መርፌው የለኝም” ብለው በጋዜጣ መልሰው ጠቀለሏቸው። ቀድተው ገንዘባቸውን ቢወስዱ ማን ያውቅባቸዋል? እኔማ አላውቅም።

አንዱ ትንሽ ሸክላ ላይ መርፌው የሚዘልበት ቦታ አለ። አባባ የሚወደው ዘፈን ነው። እማዬ እንደምትለው ያ ቦታ ሲደርስ አንድ ሰው ተነስቶ የማጫወቻውን ክንድ በጣት ነካ ያደርጋል። ጋሼ በደንብ አጥበው፣ የክንዱን ክብደት በጥቂቱ ጨምረው አሻገሩት። ዘፈኑ ሳይቆራረጥ አለቀ። እማዬ ዝም አለች። ቆይታ “ዝላይዋ የት ሄደች?” አለች። ለካ ግጥሙን የምታውቀው ከነዝላዩ ነው። ጋሼ ምንም አልተናገሩም። ክብደቱን ወደ ነበረበት መልሰው እንደገና ቀዱት፤ እሷም እንደ ድሮው ተነስታ ነካ አደረገችው። አሁን ሁለቱም ፋይሎች አሉን። እሷ የምትሰማው የትኛውን እንደሆነ መናገር የለብኝም።

የመጀመሪያውን ቀን 10 ሸክላ ከቀዱ በኋላ “የቀረውን አንቺ ትጨርሺዋለሽ” አሉኝ። ዕቃቸውን እኛ ቤት ትተው ሄዱ! ከሦስት ሳምንት በላይ ማታ ማታ ቀዳሁ። እየደወልኩ አሰለቸኋቸው። ትልቁ ዋቭ ፋይል ለማስቀመጥ፣ ኤምፒ3ው ለስልክ ነው፤ ዋቩን እንዳትደመስሺ ብለው አስጠንቅቀውኛል። 39ኙ ሸክላ በጥሩው ጥራት፣ በ24 ቢትና በ96 ኪሎ ኸርዝ፣ ወደ 17 ጊጋ ገደማ ሆነ። ባለ 32 ጊጋ ፍላሽ በቃው። አንዱን ፍላሽ እኛ ያዝን፣ ሌላውን ለወንድሜ ላክን። ዩቲዩብ ላይ ልጫነው ስላቸው ግን ተቆጡኝ፤ ባለቤት አለው አሉ። ትክክል ናቸው።

ዋጋቸውን ራሳቸው ይንገሯችሁ። እኔ የከፈልኩት ከትራንስፎርመሩ ያነሰ ነው፣ ትራንስፎርመሩም እስካሁን ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጧል፤ የሚፈልግ ካለ ይውሰደው። ጋሼ አንድ ጉድለት አላቸው፤ ስልክ ቶሎ አያነሱም። ጠዋት ሱቅ ሄዳችሁ ብታገኟቸው ይሻላል። ፍኖተ ሰላምና ቢቸና ያላችሁ ሸክላችሁን ይዛችሁ ከመምጣታችሁ በፊት ንገሩኝ። መጀመሪያ የሚጠይቁት ስንቱ 45፣ ስንቱ 33፣ ስንቱ 78 እንደሆነ ነው። ቆጥራችሁ ጻፉልኝ። ሰፊውን ባለ 78 መርፌ ያለው ሰው ካለ ደግሞ ከሁሉም በፊት እሱ ይጻፍልኝ።