9 ወር ከአየር መለኪያው ጋር፣ ሱሉልታ በረት ውስጥ

ዕቃውን የገዛሁት ብርድ ፈርቼ ነው። ሱሉልታን የሚያውቅ ያውቀዋል። እንጦጦን አልፋችሁ ሜዳው ላይ ስትወርዱ አየሩ ሌላ ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ውርጭ ይጥላል፤ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ያድራል። አምና ኅዳር ላይ ሁለት ጥጆች በሳንባ ምች ሞቱብኝ። "ብርድ መቷቸው ነው" ተባለ። እኔም የበረቱን መስኮት በማዳበሪያ ከረጢትና በሸራ ጠቀጠቅኩት።

ዘንድሮ ጥቅምት ላይ መለኪያውን ሰቀልኩ። ሙቀት፣ እርጥበትና አሞኒያ (ዓይንና አፍንጫ የሚያቃጥለውን የበረት ጋዝ) ይለካል። ሲም ካርድ ይገባለታል፣ ቁጥሩን በቴሌግራም ይልካል። ዱባይ የሚመላለስ ዘመድ ነው ያመጣልኝ። ዋጋው የአንድ ጥጃ ያህል ነው። ለ8 ላምና ለ5 ጥጃ ይህን ማውጣት ቅንጦት ነው ያሉኝ ነበሩ።

በገባ በሳምንቱ፣ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ውጭ 4 ዲግሪ፣ ውስጥ 14። እሰይ ብዬ ልተኛ ስል የቀሩትን ቁጥሮች አየሁ። እርጥበት 95 በመቶ፣ አሞኒያ 31 ፒፒኤም፣ ማለትም ከሚሊዮን የአየር እጅ 31 እጁ። ባትሪ ይዤ ገባሁ። ቆርቆሮው ከውስጥ አልቦታል። ጠብታው ጥጆቹ ጀርባ ላይ ጠብ ጠብ ይላል፤ ጸጉራቸው ርሶ ተጣብቋል። ለካ ብርዱን ላስቀር ብዬ እርጥበቱን ከነሱ ጋር ቆልፌበታለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ላም በትንፋሿ ብዙ ውሃ ታወጣለች። ሽንት ከእበት ጋር ሲቀላቀል ደግሞ ሽንቱ ውስጥ ያለው ዩሪያ አሞኒያ ይሆናል። መውጫ ካጣ እዚያው ይታፈናል። የጥጃውን መተንፈሻ ይጎዳል፣ ከዚያ ለጀርም በሩ ክፍት ነው። ደረቅ ጥጃ ደረቅ ገለባ ላይ ከተኛ ብርድ ይችላል። የረጠበ ግን አይችልም። ብዙ መመሪያዎች አሞኒያው ከ20 ወይም ከ25 ፒፒኤም አይለፍ ይላሉ። እኔ ከዚያ በላይ ነበርኩ።

እማዬ ሳቀችብኝ። "እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በአፍንጫዬ ነው የለካሁት፣ አንተ ስልክ ታያለህ?" አለችኝ። ችግሩ አፍንጫ ይለምዳል። እሷ ስትውልበት አይሸታትም። ወተት ሊወስድ የሚመጣው ልጅ ግን በሩ ላይ ቆሞ ዓይኑን ያሻል።

ከጣሪያው ሥር አንድ ስንዝር ያህል ዙሪያውን ከፈትኩ። ከታች፣ በጥጆቹ ቁመት ልክ ያለውን ግን ደፈንኩ። ሞቃቱና እርጥቡ አየር ወደ ላይ ይወጣል፣ ጥጆቹን ንፋስ አያገኛቸውም። ገለባውን ደግሞ ሲተኙ እግራቸው እስኪደበቅ አበዛሁት። ውስጡ ሌሊት ወደ 9 ዲግሪ ወረደ፤ አሞኒያው ግን 10 አካባቢ ረጋ። ዘንድሮ አንዱ ሳለ፣ የሞተ የለም። ምስጋናውን ሁሉ ለመለኪያው አልሰጥም። እንገሩን እንደተወለዱ ቶሎ ማጠጣትም የጀመርነው ዘንድሮ ነው።

አሁን ወደ እንከኑ። ከዚህ በፊት አንድ ርካሽ የጋዝ መለኪያ ሞክሬ ነበር። አተላ ባቀረብን ቁጥር ይጮሃል። ለካ ያ ዓይነቱ አሞኒያን ከአልኮልም ከጭስም አይለይም! አሁን ያለኝ በኬሚካል የሚሠራ ስለሆነ አተላው አያታልለውም። ግን አላቂ ነው። ኬሚካሉ ሲደክም አሞኒያ የሚለካው ጭንቅላቱ ይቀየራል፣ ሻጩ ይህን አልነገረኝም።

እርጥበት ለኪው በ5ኛው ወር ቀልቡን ሳተ። ጠራራ ፀሐይ ላይ 90 ይላል። ለመፈተን ቀላል ዘዴ አለ። የወጥ ጨው ላይ ጥቂት ውሃ ጠብ አድርጉና እንደ ሊጥ ይሁን፣ አይሟሟ። ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ጨው ሳይነካው ከመለኪያው ጋር ዘግታችሁ አሳድሩት። ውስጡ ያለው አየር 75 በመቶ ገደማ ላይ ይቆማል። የኔው ጠዋት 88 ይል ነበር። የበረት አቧራና አሞኒያ በልቶታል ማለት ነው። ቀየርኩት።

አሰቃቀሉ ላይም ተሳስቻለሁ። መጀመሪያ ጣሪያው ሥር፣ አምፖሉ አጠገብ አደረግኩት። እዚያ የሚተነፍስ ጥጃ የለም። አውርጄ በጥጆቹ አፍንጫ ቁመት ሳደርገው ደግሞ ይልሱት ጀመር። አሁን ቢጫ የዘይት ጄሪካን ለሁለት ቆርጬ፣ በምስማር በሳስቼ አልብሼዋለሁ። አያምርም፣ ግን ይሠራል።

መብራት ሲጠፋ የራሱ ባትሪ ለ6 ሰዓት ያህል ያቆየዋል። ኔትወርኩም አብሮ ሲጠፋ ነው ጉዱ። ሌሊት 9 ሰዓት የጮኸው ማስጠንቀቂያ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ፣ ከሌሎች 11 መልእክቶች ጋር ተግተልትሎ ይገባል። ስለዚህ ማታ በረቱን ዞር ዞር ብሎ ማየትን አልተውኩም።

የላሞች የሙቀት ጭንቀት ማስጠንቀቂያም አለው። ሙቀትና እርጥበትን አንድ ላይ አስልቶ ቁጥሩ 72 ሲደርስ ይጮሃል። እዚህ የሰማሁት መጋቢት ላይ ሁለት ቀን ብቻ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮው ሲግል። አዳማ ላይ የሚያረባ ሰው ይበልጥ የሚፈልገው ይመስለኛል።

ሁለት ሦስት ላም ላለው ሰው ይህን ግዛ አልልም። ሙቀትና እርጥበት ብቻ የሚያሳይ ትንሿ የግድግዳ መለኪያ ትበቃዋለች፤ አሞኒያውን ከውጭ የመጣ እንግዳ ይነግረዋል። እኔ ግን ጭንቅላቱ ሲያልቅ ሌላ አስመጣለታለሁ። ገመዱን በየሳምንቱ ማየት አለብኝ። አንዲት ጊደር አለች፣ ሁለት ጊዜ አኝካዋለች፣ አሁንም ዓይኗን አልነቀለችለትም።