ኤች 3 ካርድ ምን ይመሰክራል? የአሜሪካው የሃንግ ግላይዲንግ ደረጃ አሰጣጥ

ሃንግ ግላይዲንግ በጨርቅ ከተሸፈነ ባለ ዘንግ ክንፍ ሥር ተንጠልጥሎ መብረር ነው፤ ፓራግላይዲንግ ደግሞ ፓራሹት በሚመስል ለስላሳ ክንፍ። የአሜሪካ ሃንግ ግላይዲንግና ፓራግላይዲንግ ማኅበር፣ በአጭሩ ዩኤስኤችፒኤ፣ ለአብራሪዎች የሚሰጠው ደረጃ የመንግሥት መንጃ ፈቃድ ዓይነት ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1982 በወጣው የፌዴራል አቪዬሽን ደንብ ክፍል 103 መሠረት፣ ሞተር የሌለውንና ከ155 ፓውንድ (70 ኪሎ ገደማ) በታች የሚመዝን ክንፍ ብቻውን የሚያበር ሰው ፈቃድ አይጠየቅም። ነገር ግን ብዙ የመነሻ ተራሮች የማኅበሩን የደረጃ ካርድ ሳያዩ አያስነሱም።

ደረጃዎቹ ከኤች 1 እስከ ኤች 5 ናቸው። ለኤች 3 የሚጠየቀው 30 የበረራ ቀን፣ 90 በረራና 10 ሰዓት ነው፤ ለኤች 4 ደግሞ 80 ቀን፣ 250 በረራና 75 ሰዓት። ከሦስቱ ቁጥሮች ለእኛ የሚመዝነው የቀኑ ቆጠራ ነው። በአንድ ለስላሳ ከሰዓት ከአሸዋ ጉብታ ላይ አሥር ጊዜ መውረድ ይቻላል፤ ብዙ ቀን የበረረ ግን ብዙ ዓይነት አየር አይቷል።

ከመስፈርቶቹ ሁሉ የላቀው አብራሪው ልክ ሊነሳ ሲል ከክንፉ ጋር መያያዙን የሚያረጋግጥበትን ዘዴ በየበረራው እንዲያሳይ የሚያዘው ነው። ቁም ነገሩ «ልክ ሊነሳ ሲል» የሚለው ላይ ነው። ቀደም ብሎ ሃርነስ (አብራሪውን ከክንፉ ጋር የሚያንጠለጥለውን ማሰሪያ) ለብሶ ከክንፉ ሥር ተንጠልጥሎ መፈተሽ፣ ማሰሪያው አለመጠማዘዙንና የሰውነት ከፍታ ልክ መሆኑን ያሳያል። ከዚያ ግን ነፋሱ ይዞራል፤ አብራሪው ካራቢነሩን (ሃርነሱን ከክንፉ ጋር የሚያያይዘውን የብረት ቀለበት) ፈትቶ ጓንት ሊያመጣ ይሄዳል፤ ተመልሶ ክንፉን ሲያነሳ ልቡ «ፈትሼዋለሁ» ይለዋል። ሳይያያዙ መነሳት አንጋፎችን ጭምር የገደለ ስህተት ነው። መፍትሔው ክንፉን ከትከሻ ከፍ አድርጎ የእግር ማሰሪያው ጭንን ሲጨምቅ መሰማት፣ ወዲያውም መሮጥ ነው። ይህን በየበረራው የማያስደርግ አስተማሪ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ።

ከዋናው ደረጃ ጎን የሚመዘገቡ ልዩ ችሎታዎችም አሉ፤ በአውሮፕላን ተጎትቶ መነሳት፣ ከገደል መነሳት፣ ጠባብ ሜዳ ላይ ማረፍ። የመጨረሻው ጠንካራ ፈተና ነው፤ ከመጨረሻው መታጠፊያ መስመር እስከ እግር መርገጫው ያለው ሁሉ በ300 ጫማ (90 ሜትር ገደማ) አራት ማዕዘን ውስጥ ማለቅ አለበት። ማረፊያ ላይ እጆች ከክንፉ ሥር ያለውን የመቆጣጠሪያ ፍሬም ቋሚ ዘንጎች ይዘው የክንፉን አፍንጫ በአንድ ጊዜ ወደ ላይ ይገፋሉ። ቶሎ ከተገፋ ክንፉ ሽቅብ ወጥቶ ፍጥነቱን ይጨርስና ይወድቃል። ከዘገየ አፍንጫው መሬት ይመታል፣ የአሉሚኒየሙ ቋሚ ይታጠፋል፤ ዘንጉን አጥብቆ የያዘ ክንድም አብሮ ሊሰበር ይችላል። ጀማሪ በፍሬሙ ግርጌ ባለው አግድም ዘንግ ላይ ጎማ ሳያስገጥም ባይበር ይሻላል።

የአስተማሪነት ምስክር ወረቀት ለብቻው ነው፤ የማኅበሩን ኮርስ መውሰድ፣ ነባር አስተማሪ ሥር ተለማምዶ ማስተማር፣ የመጀመሪያ ርዳታና የልብ ማነቃቂያ ሥልጠና ይጠየቃል። በየሦስት ዓመቱም ይታደሳል፤ ይህ ትልቅ ብልጫ ነው። የአብራሪው ደረጃ ግን አባልነቱ እስካለ ድረስ አያረጅም። አምስት ዓመት ያልበረረ ሰው ዛሬም ኤች 4 ነው፤ ካርዱ የመጨረሻው በረራ መቼ እንደነበር አይናገርም። የሥርዓቱ ትልቁ ጉድለት ይህ ይመስለናል። የሰውን ብቃት ማወቅ የሚሻ የበረራ መዝገቡን የመጨረሻ ገጽ ይጠይቅ።

ዋሽንግተን አካባቢ ላላችሁ በሰሜን ካሮላይና ናግስ ሄድ የሚገኘው የጆኪስ ሪጅ አሸዋ፣ የራይት ወንድሞች እ.ኤ.አ. በ1903 ከበረሩበት አጠገብ፣ ለኤች 1 ምቹ ነው፤ ወድቀው ቢያርፉበት ይቅር ይላል። ከመመዝገባችሁ በፊት የአስተማሪው ምስክር ወረቀት መቼ እንደሚያበቃና በአንድ አስተማሪ ስንት ተማሪ እንደሚመደብ ጠይቁ።