ሺባሪ ላስተማረችን ሴት ምስጋና፣ መማር ለምትፈልጉም ጥቆማ

ይህን ልጽፍ ካሰብኩ ቆይቻለሁ። «ሺባሪ መማር እፈልጋለሁ፣ ግን ከማን ጋር ልጀምር?» የሚለው ጥያቄ ስለበዛብኝ ለሁላችሁም በአንድ ላይ ልመልስ፣ በዚያውም አስተማሪያችንንና እሷ ያሰባሰበችውን ቡድን ላመስግን።

ለማታውቁት፣ ሺባሪ ከጃፓን የመጣ፣ ሰውን በገመድ የማሰር ጥበብ ነው። መነሻውን በጃፓን ኤዶ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1603–1868) እስረኛ ይታሰርበት ከነበረው ሆጆጁትሱ ከሚባለው ስልት ጋር ያያይዙታል። ዛሬ የምናውቀውን መልክ በማስያዝ ስሙ የሚነሳው ደግሞ የታሰሩ ሰዎችን በመሳል የታወቀው ሠዓሊ ኢቶ ሴዩ (እ.ኤ.አ. 1882–1961) ነው። አሁን እስረኛም ወንጀልም የለም። አዋቂ ሰዎች ተስማምተው የሚያደርጉት ነገር ነው። ለአንዱ የፍቅር ጨዋታ፣ ለሌላው ሥነ ጥበብ፣ ለሌላው አእምሮ ማሳረፊያ። ለእኔ እንደ ቀኑ ነው።

ታዲያ ይቺን ሴት ለምን እጠቁማለሁ? ማሰር ከማስተማሯ በፊት መፍታት ስለምታስተምር። ገና ሰው ላይ ገመድ ሳናሳርፍ ቶሎ መፍታትን አለማመደችን፣ ቀጥላ ጫፉ ደነዝ የሆነ የሕክምና መቀስ አወጣችና ደህናውን ገመድ ፊታችን ቆረጠችው። አንዱ «ኧረ ያሳዝናል!» ሲላት «ገመድ ይገዛል፣ እጅ አይገዛም» አለችው። መቀሱ ሁሌም እጅ በሚደርስበት ቦታ ይቀመጣል። ቦርሳ ውስጥ ያለ መቀስ እሷ ዘንድ እንደሌለ ነው የሚቆጠረው።

ከዚያ ወሬ ነው። አዎ፣ ወሬ። ትከሻሽ ተጎድቶ ያውቃል? የቱ ጋ እንዲነካሽ አትፈልጊም? ዛሬ ስሜትሽ እንዴት ነው? መጀመሪያ ላይ ይህ ሁሉ ጥያቄ ያሰለቸኝ ነበር፣ አሁን ግን ሳይጠይቀኝ ገመድ የሚያነሳ ሰው ካየሁ ቀስ ብዬ እወጣለሁ። መግባቢያችን የትራፊክ መብራት ነው። አረንጓዴ ቀጥል፣ ቢጫ ቀስ በል ወይም አስተካክል፣ ቀይ ወዲያው ፍታ።

የመጀመሪያው ትምህርት አንድ የእጅ አንጓን ማሰር ነው። ቀላል ይመስላል። ዋናው ነገር ሲጎተት ሸምቀቆ እንዳይሆን ነው፤ ገመዱ ለሁለት ታጥፎ ይዞራል፣ ቆዳው ላይ ሳይደራረብ ይተኛል፣ ከሥሩ ሁለት ጣት ይገባል፣ ቋጠሮው ቢጎተትም አይጠብቅም። የእያንዳንዳችንን እየዞረች ትጎትታለች፣ ከጠበቀ ደግሞ ፈገግ ብላ «እንደገና» ትላለች። ይቺን «እንደገና» ስንጠላት!

ከሁሉ በላይ የማመሰግናት ግን ስለ ነርቭ ስላስተማረችን ነው። በላይኛው ክንድ ውጪያዊ ጎን በኩል ወደ እጅ የሚወርድ ነርቭ አለ፣ እዚያ ጋ አጥንቱን ተጠግቶ ስለሚያልፍ ገመድ በቀላሉ ይጫነዋል። ሲጎዳ አንጓን ወደ ላይ ማንሳት ያቅታል፣ እጅ ዝም ብሎ ይንጠለጠላል፣ ለመዳንም ሳምንታት አንዳንዴም ወራት ሊወስድ ይችላል። የሚያስፈራው ደግሞ አንዳንዴ ምንም ሳያም መጎዳቱ ነው። ስለዚህ ታስረን ሳለን በየመሃሉ አንጓችንን ወደ ኋላ እንድናጥፍ፣ ጣቶቻችንን እንድንዘረጋ ታደርገናለች። የእጅ ቀለም መለወጥ ብዙ ጊዜ የደም ዝውውር ጉዳይ ነው፣ ሲፈታ ይመለሳል። ድንገተኛ መንዘር፣ ማቃጠል ወይም መዛል ከመጣ ግን «እስቲ ትንሽ እንይ» የለም፣ ይፈታል። አንገት ላይ ገመድ አይደረግም፣ የታሰረን ሰው ጥሎ መውጣትም ክልክል ነው፤ ለእነዚህ ሁለቱ ማብራሪያ እንኳን አትሰጥም።

ይህን የማደንቀው ሌላውንም ስላየሁ ነው። ከዚህ በፊት የሞከርኩት ቦታ አስተማሪው እጄ ደነዘዘ ስለው «ትንሽ ቻዪው፣ ፎቶው እያማረ ነው» ብሎኛል። በዚያው ቀረሁ።

እዚህ ቡድን ውስጥ «በቃኝ» ያለ ሰው የሚሰማው «እሺ፣ ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ» የሚል መልስ ነው። ማኩረፍ የለም፣ «ለምን?» ብሎ ማፋጠጥም የለም። ማየት ብቻ የሚፈልግ ቁጭ ብሎ ያያል። ሁላችንም ምቹ ልብስ ለብሰን ነው የምንማረው፣ ማንም ልብስ አውልቅ አይባልም። ብቻውን የመጣም የራሱን እግር እያሰረ ይለማመዳል። የሁሉም ፈቃድ ሳይኖር ካሜራ አይወጣም። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» በሚለው ተረት ስንት ጊዜ እንደቀለድን ግን አትጠይቁኝ።

ደስታውስ? ለማስረዳት ይከብደኛል። ፀጉሬን ለሚሠራኝ ሰው ጭንቅላቴን ሰጥቼ ስቀመጥ የሚመጣብኝ እርጋታ አለ፣ እሱን ዓይነት ነው፣ ግን በመላ ሰውነት። የማስር እኔ ስሆን ደግሞ ጆሮዬ ሰውየው ትንፋሽ ላይ ነው፣ ስልኬም ሥራዬም ትዝ አይለኝም። ከተፈታን በኋላ ውሃ አለ፣ ብርድ ልብስ አለ፣ ዝም ብሎ መቀመጥ አለ። በማግስቱም «እንዴት አደርሽ?» የሚል መልእክት ይመጣል።

ለሁሉም ሰው ትሆናለች ግን አልልም። ቀስ ያለች ናት። ሰው አየር ላይ ማንጠልጠልን ተምሬ ልውጣ ብላችሁ ከሄዳችሁ ትናደዳላችሁ፤ መሬት ላይ በደንብ ሳትሠሩ ስለ ማንጠልጠል ወሬም አትከፍትም። እኔ ልክ ናት እላለሁ፣ ጥለው የሄዱም አሉ።

ገመድን በተመለከተ አትቸኩሉ። ብዙዎቻችን የምንጠቀመው ውፍረቱ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ርዝመቱ ከ7 እስከ 8 ሜትር የሆነ የጁት (ጆንያ የሚሠራበት ተክል) ገመድ ነው፤ ሸካራ ስለሆነ ቋጠሮ ይይዛል። ለጀማሪ ለስላሳ ጥጥም ይሆናል። ናይለን ያንሸራትታል፣ ለጀማሪ አልመክረውም። እሷ ጋ የሚዋስ ስላለ መጀመሪያ ሞክሩ፣ ከዚያ ግዙ።

ስሟ እንዲጻፍ ስለማትፈልግ እዚህ አላስቀመጥኩም፣ ከ18 ዓመት በላይ የሆናችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝና አገናኛችኋለሁ። የቆየ የትከሻ ወይም የጉልበት ጉዳት ካለባችሁ ገና ስትገቡ ንገሯት። ጥፍራችሁንም ቆርጣችሁ ሂዱ፣ ሳታይ አታልፍም።