አሞራ ገደል ለሲጋል ፎቶ፦ ጠዋት ግሩም፣ ከሰዓት ደካማ

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያለው የአሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ሲጋል የተባለውን የውሃ ወፍ በቅርብ ለማንሳት እጅግ ምቹ ቦታ ነው። ጀልባዎቹ ቆሮሶና አምባዛ ይዘው ይገባሉ፤ ዓሣው እዚያው ይበለታል፤ የተጣለው ሆድ ዕቃ ወፎቹን ይሰበስባል። ስለዚህ 300 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይበቃል። በ600 ሚሊ ሜትር ለበረራ ሲሞከር የክንፉ ጫፍ ከፍሬም እየወጣ ያስቸግራል።

ገበያው ከሐይቁ በስተምሥራቅ ስለሆነ የጠዋት ፀሐይ ከጀርባ ትመጣለች። ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ብርሃኑ ለስላሳ ነው፤ ላባውን አንድ በአንድ ያወጣዋል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ፊት ለፊት ስለምትገጥም ወፉ ጥላ ብቻ ይሆናል፤ ለዚያ ሰዓት መሄድ አይመከርም።

በብዛት የሚታየው ባለግራጫ ራስ ሲጋል ነው። በመራቢያ ወቅት ምንቃሩና እግሩ ይቀላል፤ የአዋቂው ዓይን ነጣ ያለ ሆኖ ቀጭን ቀይ ቀለበት ይከበዋል። በበጋ ከሰሜን የሚመጣው እንግዳ ሲጋል ግን ዓይኑ ጥቁር ነው፤ ከዓይኑ ኋላም ጥቁር ነጥብ አለው። ሁለቱን ለመለየት ዓይን ላይ ማተኮር ነው።

የመዝጊያ ፍጥነት 1/2000 ሰከንድ፣ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) f/7.1 ይሁን። ውሃው ጠቆር ሲል ካሜራው ነጩን ላባ ስለሚያቃጥለው ኤክስፖዠሩን (የሚቀረጸውን የብርሃን መጠን) በ0.7 ስቶፕ መቀነስ ያስፈልጋል። የፎከስ ነጥቡ ሰፊ ከሆነ ከኋላ የቆመውን አባ ኮዳ የተባለ ትልቅ ወፍ ይይዛል፤ ጠበብ ይደረግ።

መሬቱ በዓሣ ቅርፊት ያንሸራትታል፤ ትራይፖድ ትርፉ መሰናክል ነው። ዓሣ አጥማጆቹን ከማንሳት በፊት ማስፈቀድ ተገቢ ነው።