ወኪል መያዝ ወይስ ራስን ማስተዳደር?

የአሜሪካ ፕሮፌሽናል ሴት ጎልፈኞች ማኅበር፣ ኤልፒጂኤ፣ እ.ኤ.አ. በ1950 ሲመሠረት መሥራቾቹ 13 ነበሩ። የሽልማት ገንዘቡ ጥቂት ስለነበር የእያንዳንዷን ተጫዋች ሥራ ማን ያስተዳድረው የሚለው ከባድ ጥያቄ ነበር።

ወኪል፦ ከመሥራቾቹ አንዷ ቤብ ዛሃሪያስ እ.ኤ.አ. በ1947 ፕሮፌሽናል ስትሆን ፍሬድ ኮርኮራንን ወኪል አድርጋ ያዘች። እሱ ይዋዋላል፣ ጋዜጠኛ ይጠራል፤ እሷ ትጫወታለች። ግን ወኪል ድርሻ ይፈልጋል። ስም ለሌላት ተጫዋች ብዙም አይጠቅምም።

ራስን ማስተዳደር፦ ድርሻ የሚወስድ የለም፤ ድካሙ ግን ብዙ ነው። ተጫዋቾቹ በመኪና ከከተማ ከተማ ይጓዙ ነበር። ሜዳ ያዘጋጃሉ፣ ሒሳብ ይይዛሉ፣ ከዚያ ይወዳደራሉ። እኔ ለዚህ ብርታታቸው ትልቅ ክብር አለኝ።

ሕዝብ የሚጎርፍላት ኮከብ ወኪል ያዋጣታል። ጀማሪዋ በራሷ ብትቆይ ይሻላታል። እንደ ሌላዋ መሥራች ፓቲ በርግ ከዊልሰን ዓይነት የስፖርት ዕቃ አምራች ጋር መዋዋል የቻለች ደግሞ ሌላ መደገፊያ አላት።