የደብረ ብርሃኑ ቤታችን መግቢያ፣ ውርጩንም ጭቃውንም ካየ በኋላ

አዲሱን ቤት ጨርሰን የገባነው አምና መስከረም ላይ ነው። መግቢያዋ ትንሽ ናት፤ ሦስት ደረጃ ወጥተው በሩን ሲከፍቱ ሁለት ሜትር በሦስት የምትሆን ቦታ፣ ከዚያ ሳሎን። ያኔ ፎቶዋን ያዩ ወዳጆች ስለ በሩም ስለ ወለሉም ሲጠይቁኝ፣ አዲስ ዕቃ ሁሉ ያምራልና ክረምት ይለፍበት ብዬ ነበር። አለፈበት። ከጉልበት በታች ያወጣነው ብር ሁሉ ክሶናል፤ ከጉልበት በላይ ካወጣነው ግን ግማሹ ለፎቶ ብቻ የዋለ ነው።

ይህን የምለው ደብረ ብርሃን ላይ ሆኜ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ሌሊቱ ከዜሮ በታች የሚወርድበት ጊዜ አለ፤ ጠዋት ሣሩ አመዳይ ለብሶ ያድራል፣ ቀትር ላይ ደግሞ ፀሐዩ ሹራብ ያስወልቃል። ሐምሌና ነሐሴን ዝናቡ አያባራም። ሰፈራችን አዲስ ስለሆነ ኮብልስቶኑ ገና አልደረሰንም፤ ከዋናው መንገድ እስከ በራችን ያለው ጥቁር ዋልካ ነው፣ ጫማ ላይ ከያዘ በቀላሉ አይለቅም። እዚያው ሰሜን ሸዋ ውስጥ ሸዋ ሮቢት ቤት የሚሠራ ሰው ጠላቱ ሙቀትና አቧራ እንጂ ውርጭ አይደለምና ከምጽፈው ግማሹ አይመለከተውም።

ከውጭ ልጀምር። ደረጃው የአካባቢው ጥቁር ድንጋይ ነው። የሠሩልን ግንበኛ አዛውንት ናቸው፤ ሴራሚክ ይልበስ ወይ ብዬ ስጠይቃቸው "ልጄ፣ ይሄ ድንጋይ እኮ ልብስ አይፈልግም" አሉኝና ፊቱን እንደ ወፍጮ ድንጋይ ወቀሩት። ያቺ ሻካራነት ናት ክረምቱን ሙሉ ያቆመችን። ዝናብ ዘንቦበትም፣ ጠዋት አመዳይ አርፎበትም እግር ይይዛል። ጎረቤታችን በዚያው ሰሞን ደረጃቸውን የሚያብለጨልጭ ሴራሚክ አለበሱት፤ ጥር ሳያልቅ ጠርዝ ጠርዙ መላጥ ጀመረ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ 9 በመቶ ያህል ይጨምራል። ተራ ሴራሚክ በጀርባው ውሃ ይጠጣል፣ ሌሊት የጠጣው ይረጋና ይገፋዋል፣ ቀን ይቀልጣል፣ ማታ ደግሞ እንደገና። ድንጋያችን እስካሁን አንድም ቦታ አልተሸረፈም። የሚወቀስበት ነገር ቢኖር ጭቃው በወቀራው ጉድጓድ ውስጥ መግባቱ ነው፤ በመጥረጊያ ብቻ አይወጣም፣ በብሩሽና በውሃ መፈግፈግ ይፈልጋል።

የውስጡ ወለል 60 በ60 ሳንቲ ሜትር ፖርሴሊን ነው፣ ከተራው ሴራሚክ የጠነከረው ንጣፍ፣ ግራጫ፣ የማያብረቀርቀው ዓይነት። ሱቅ ውስጥ መብራት ሲያርፍበት ዓይን የሚስበው የሚያብረቀርቀው ነው፣ ሻጩም መጀመሪያ የሚያወጣው እሱን ነው። ለሳሎን ይሁን፤ እርጥብ ጫማ ለሚገባበት ቦታ ግን አይሆንም። ካርቶኑ ላይ "አር" ከሚለው ፊደል ቀጥሎ ቁጥር ካለ የማያንሸራትትነቱ ልክ ነው፤ መነሻው 9 ነው፣ ለመግቢያ 10 ወይም 11 ቢሆን ይመረጣል። ፖርሴሊን ነው ተብሎ ተራ ሴራሚክ እንዳይሸጥላችሁ ደግሞ ጀርባውን ገልብጣችሁ ውሃ ጠብ አድርጉበት። ተራው ሴራሚክ ወዲያው ጠጥቶ ይጠቁራል፤ ፖርሴሊን ላይ ጠብታው እንዳለ ቁጭ ይላል፤ የሚመጠው ውሃ ከክብደቱ 0.5 በመቶ አይበልጥምና። ግራውቱን፣ መጋጠሚያው ላይ የሚሞላውን፣ ጥቁር ግራጫ አስደርገናል። ነጭ ቢሆን ኖሮ ዋልካው ይቅርና የእንቁጣጣሽ ቄጠማ ብቻ አረንጓዴ ያደርገው ነበር፤ እርጥብ ቄጠማ ሌሊቱን ተጎዝጉዞ ሲያድር ቀለሙን ይለቃል።

ስለ ወለሉ ሰው የማይጠይቀኝ፣ እኔ ግን ሳይጠየቅም የምናገረው ስለ ዘቅዘቃው ነው። ከበሩ ደፍ ውጭ ያለችው ማረፊያ በአንድ ሜትር 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ውጭ ታዘቀዝቃለች። በዓይን አትታይም። ነሐሴ ላይ ነፋስ ዝናቡን በሩ ላይ ሲጥለው ግን ውሃው ዞሮ ወደ ደረጃው ይሄዳል፣ ወደ እኛ አይመጣም። ይህ ከሴራሚኩ በፊት፣ ገና ወለሉ ሲሞላ የሚታሰብ ሥራ ነው፤ ከተነጠፈ በኋላ ማስተካከል ማለት ማፍረስ ማለት ነው።

ከጠቅላላው ዕቃ በዋጋው አንጀቴን ያራሰኝ ብየዳ ቤት ያሠራነው የጫማ መፋቂያ ብረት ነው። ከተራረፈ ብረት የተበየደ፣ ከደረጃው ጎን ሲሚንቶ ውስጥ የተቀበረ፣ ሌላ ምንም ያልሆነ ነገር። እንግዳ ሁሉ ሳይነገረው እዚያ ላይ ጭቃውን ይፍቃል።

አሁን ወደ መደቡ። ለጫማ ማውለቂያ ከአዲስ አበባ የተሰፋ ወንበርና የጫማ ቁም ሣጥን ሊመጣ ታስቦ ነበር። አማቴ ሥራውን ሊያዩ ሲመጡ "መደብ አሠሩበት እንጂ፣ ወንበር ምን ያደርጋል" አሉ። እንዳሉት ግድግዳውን ተደግፎ በብሎኬት ተገነባ፣ ፊቱም ወለሉ ላይ ያለውን ፖርሴሊን ለበሰ። ከፍታው ከጉልበት ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ሥሩ ክፍት ሆኖ ጫማ ይደረደርበታል። አሁን ቤቱ ውስጥ ከማንኛውም ወንበር ይልቅ ሰው የሚቀመጥበት እሱ ነው። አማቴ ነጠላቸውን አስተካክለው ጫማቸውን ያወልቁበታል፣ ልጆቹ የትምህርት ቤት ቦርሳ ይጥሉበታል፣ ከገበያ የመጣ ዘንቢል ያርፍበታል። የበዓል በግ እንኳ ከዝናብ ሲሸሽ አንድ ሌሊት ከእግሩ ጋር ታስሮ አድሯል፣ ጠዋት በውሃ ታጠበ፣ አለቀ። የጨርቅ ወንበር ቢሆን ያን ሌሊት አያልፍም ነበር።

ድንጋይና ፖርሴሊን ስለሚቀዘቅዝ መደቡ ላይ ባና አንጥፈናል። መሐል ሜዳ ካሉ ዘመዶች የመጣ፣ የመንዝ በግ ጠጉር፣ ቀለም ያልገባበት ቡናማና ጥቁር። የበግ ጠጉር የክብደቱን ሲሶ ያህል እርጥበት ይዞ እንኳ ሲነኩት እርጥብ አይመስልም፤ በርጥብ ካፖርት ሲቀመጡበት ይህን በደንብ አይቼዋለሁ። ሁለት ነገር ግን ይፈልጋል። መጀመሪያዎቹን ወራት ጠጉሩ ጥቁር ሱሪ ላይ ይጣበቃል፣ እየቆየ ይተዋል። ብልም ይገባዋል፤ በጋ ላይ በየጊዜው አውጥቶ ፀሐይ ላይ ማራገፍ ግድ ነው። ከበሩ ሥር ያደረግነው ከሱቅ የተገዛ የፕላስቲክ ምንጣፍ በዚሁ ጊዜ ጠርዙ ተጠቅልሎ የእግር መሰናከያ ሆኗል።

በሩ ላይ ረዘም ልበል፣ ገንዘቡን የበላው እሱ ነውና። ሰው በተለምዶ የቱርክ በር የሚለው የብረት በር ነው፣ ትልቅና ትንሽ ክንፍ ያለው። ዋጋው ለብቻው የወለሉንና የመደቡን ወጪ አንድ ላይ ይበልጣል። ቁልፉ ጥሩ ነው፣ ማጠፊያው አልወረደም። ዙሪያውን ያለው ጎማ በየካቲት ነፋስ አቧራ አላስገባም። ትንሹ ክንፍም ሶፋ ሲገባ፣ ድግስ ሲኖርም ድስት ሲወጣ ዋጋውን አሳይቷል።

ነገር ግን ያልበዋል። ውርጭ ባደረበት ሌሊት ማግስት ጠዋት ስንነሣ ብረቱ በውስጥ በኩል ጠብታ ይዞ እናገኘዋለን። ማታ ወጥ ተሠርቶ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ሰው ተንፍሶ የሞላው እርጥብ አየር ቀዝቃዛውን ብረት ሲነካ ውሃ ይሆናል። ውሃው ይወርድና ከታች ይጠራቀማል። በሩ ላይ የተለበጠው ኤምዲኤፍ፣ ከተፈጨ እንጨት የተጨመቀው ጣውላ፣ ታችኛው ጫፉ አብጦ እንጨት መስሎ የተቀባው ቀለም ተሰነጠቀ። ሻጩ ዘንድ ሄድን፤ ዋስትናው ቁልፉን እንጂ ልባጩን አይጨምርም ተባልን። ደጋ ላይ የምትገዙ ሰዎች ልባጩ ኤምዲኤፍ ይሁን ሙሉ ብረት ጠይቁ፣ ኤምዲኤፍ ከሆነ ገና ሳይገጠም የታች ጫፉን በሲልከን አስደፍኑት።

ሌላም አለ፣ ከእብጠቱ የከፋ። እዚህ በብርድ ጊዜ ማታ ከሰል አቀጣጥሎ ቤት ውስጥ ማስገባት የተለመደ ነው። የድሮው የላሜራ በር በየቀዳዳው አየር ስለሚያስገባ ጭሱ መውጫ ነበረው። ይህ ጎማ ያለው በር ምንም አያሳልፍም። የከሰል ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ተኝቶ ያለን ሰው ሳያስነሣ ይገድላል። እኛ ከሰሉን ከቤት አስወጥተነዋል፤ ከበሩ በላይ ያለችውን ትንሽ መስኮትም ብርድ ነው ተብሎ እንዳትዘጋ ሽቦ ብቻ አድርገንባታል። ጥብቅ በር ያስገባ ሰው ይህን ሳያስብ አይተኛ።

ከጉልበት በላይ ያለው በአጭሩ ያልቃል። አንዱን ግድግዳ እንጨት የሚመስል የፒቪሲ ፓኔል አልብሰነው ነበር፤ ፎቶው ላይ ሁሉም ያደነቀው እሱ ነው። ፕላስቲክ በሙቀት ይለጠጣል፣ በብርድ ይሰበሰባል፤ ሌሊት ውርጭ፣ ቀትር በተከፈተው በር የሚገባ ፀሐይ ሲፈራረቁበት መገጣጠሚያው ተከፈተ፣ አሁን በመካከሉ ጥቁር መስመር ይታያል። የጂፕሰም ኮርኒሱና በውስጡ የተደበቀው መብራት ደህና ናቸው፣ ግን ከእንግዳ ቀን በቀር የሚያበራው የለም። የሚያገለግለን ከውጭ ያለው እንቅስቃሴ ሲያይ የሚበራው መብራት ነው፤ ውሃ እንዳይገባው አይፒ 65 የሚለውን መርጠናል፣ ክረምቱን ችሎታል። ድመትም ሲያልፍ ይበራል፣ ለምደነዋል። መስታወቱ መስታወት ነው።

ቀለሙ ከበሩ በስተግራ ፊኛ ፊኛ ሆኖ ተነሥቷል። ልስኑ በደንብ ሳይደርቅ የተቀባ ነው፤ የሲሚንቶ ልስን 28 ቀን ያህል ይጠበቃል፣ በእኛ ብርድ ደግሞ ከዚያም በላይ ቢቆይ ይሻላል፣ ቀቢው ግን ቀጣይ ሥራ ነበረበት። ከመደቡ ከፍታ ጀምሮ እስከ አንድ ሜትር ፖርሴሊን ያለበሰነው ግድግዳ እጅም ቦርሳም ጃንጥላም ነክቶት በጨርቅ ይጸዳል።

በዚህ በጋ ፓኔሉ ይነሣል። በቦታው ከደረጃው የተረፈው ጥቁር ድንጋይ በስሱ ተጠርቦ ይገባል፤ ግንበኛው ውርጩ ሳይበረታ ካልተሠራ ሲሚንቶው ሳይጠነክር ይመታዋል ብለው ኅዳር መጀመሪያ ላይ ቀጥረውናል። የበሩ የታች ጫፍ በአሉሚኒየም ይሸፈናል። የፕላስቲክ ምንጣፉን የሚፈልግ ካለ ይውሰደው።